በአፌ የጠመቅኩት ጠላ

የዚያን ዕለት ጠዋት ጋን እያጠብኩ ነበር። ይኼን የምትጽፊልኝ ልጄ፣ ጋን ማጠብ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እጅ ብቻ አይበቃውም። ግራዋውን ጨብጠሽ ክንድሽን ታስገቢያለሽ፤ ክንድሽ ታችኛው ጋ አልደርስ ይላል፤ ትከሻሽን ታስከትያለሽ፤ ከዚያ ራስሽን፤ ኋላ ከወገብሽ በላይ የለሽም። ውጭ የሚቀረው ያው ለሰው የማይታየው ወገን ነው። እኔም እንደዚያ ሆኜ ጋኑ ውስጥ እያንጎራጎርኩ ነው። ድምፄ ጋን ውስጥ ያምራል፤ የሚበላሸው ውጭ ሲወጣ ነው። አንድ ሰው ከኋላዬ፣

«እዚህ ቤት ሰው አለ?» አለ።

«አለ» አልኩ ከጋኑ ውስጥ።

«የት?»

«የሚታየው እኮ ነኝ።»

«የማየውንማ ለማነጋገር አፍሬ ነው።»

ተስቤ ወጣሁ። ትርንጎ ናት፣ የጸሐፊው ቤት ሠራተኛ። ትርንጎ ውሃ የሞላ እንስራ በአንድ እጇ ከመሬት የምታነሳ ሴት ናት። ቁመቷ የበሩን ጉበን ይነካል፤ ሳቋ ደግሞ ማዶ ገበያው ድረስ ይሰማል። «እሜቴ ይጠሩሻል፤ አሁኑኑ ይዘሻት ነይ ብለውኛል» አለችኝ።

መጠራቱስ አልገረመኝም። በዚያ በጃንሆይ ጊዜ እኔ ሰቆጣ ውስጥ ጠላ ጠማቂ ነበርኩ። ጠላ ሻጭ አላልኩም፤ ደጄ ላይ ጣሳ ሰቅዬ አላውቅም። ሠርግ ያለበት ይጠራኛል፤ ተዝካር ያለበት ይጠራኛል፤ ማኅበር የደረሰበት ይጠራኛል። ቅሌንና ወንፊቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ እጠምቃለሁ፤ እህሌን ተሰፍሮልኝ፣ አተላውን ለላሜ ይዤ እመለሳለሁ። የማንም ገረድ፣ የማንም ደሞዝተኛ አይደለሁም። ዛሬ ከደብሩ ሥር ነኝ፤ ነገ ከገበያው ማዶ፤ ከነገ ወዲያ በእግሬ ጋዝጊብላ። ሰው ሳይጠራኝ ወር ይሞላል፤ ያን ጊዜ ባሌን ስጨቀጭቅ እውላለሁ። ሲጠሩኝ ደግሞ ሦስት ቤት በአንድ ቀን ይጠራኛል፤ ሦስቱንም እሺ እላለሁ፤ ከዚያ ከሦስቱም እደበቃለሁ። እንደዚያ ነበር ኑሮዬ፤ እወደው ነበር።

የጸሐፊው ሚስት ወይዘሮ አማረች ከጎጃም ባላቸውን ተከትለው የመጡ ናቸው። ባላቸው የመንግሥት ጸሐፊ ናቸው፤ ኮት ለብሰው፣ ብዕር ደረታቸው ላይ ሰክተው የሚሄዱ ዝምተኛ ሰው። እንደገባሁ ወይዘሮ አማረች፣

«ልጄን ከጥምቀት በኋላ እድራለሁ» አሉኝ።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎ፤ ነገውኑ ቅሌን ይዤ እመጣለሁ።»

«ቅልሽን ተዪው። እጅሽን አልፈልገውም።»

ደነገጥኩ። ማን ምን ነግሯቸው ይሆን ብዬ የጠመቅኩትን ሁሉ በሐሳቤ መለስ ብዬ ቀመስኩ።

«አፍሽን ነው የምፈልገው» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ተብዬ አላውቅም። ባሌ ሁልጊዜ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

«ስሚኝ» አሉ ወይዘሮ አማረች። «በቀደም ከአዲስ አበባ አንድ አማካሪ ባሌ መሥሪያ ቤት መጥቶ ነበር። ምን ሠራ ብትይኝ ምንም። ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ይኼን እንዲህ አድርጉት፣ ያንን እንዲያ አድርጉት አለ፤ ብዕር እንኳ አልነካም። ሲሄድ ሙክት ተሰጥቶት፣ ሰው ሁሉ እየሰገደለት ሄደ። ወረቀቱን ሁሉ ሲጽፍ የከረመው የኔ ባል ግን ሲወጣ ዞሮ ያየው የለም። እኔም አሰብኩ። ለእጅ ትርንጎ አለችኝ፤ ሌሎችም ሁለት ሴቶች አሉኝ። አንቺ አማካሪ ሁኚልኝ። አትንኪ፤ ተናገሪ ብቻ። ሙክቱም አለልሽ።»

ለምን እንዲህ እንደተጨነቁ ልንገራችሁ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ደስታ የምትባል የጋዝጊብላ ሴት ናት። አፏን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ይቺ ሴት ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆማ፣ «ልጄ የወረቀት ቤት ልጅ ሊያገባብኝ ነው። እዚያ ቤት ጠላ አያውቁም፤ የሚጠጡት ቀለም ነው» ብላለች። ሰው ስቋል። በእኛ አገር እንዲህ የተባለባት ሙሽራ የሠርጓ ጠላ ከተበላሸ አለቀላት፤ ልጅ ወልዳ፣ ልጇን ድራ እንኳ ያ ጠላ ይነሳባታል።

«ያንን አፍ በጠላ ካልዘጋሁት ልጄ አንገቷን ደፍታ ነው የምትኖረው» አሉ ወይዘሮ አማረች። ልጅቱም፣ ጌጤ ነው ስሟ፣ ስወጣ በጓሮ ተከትላኝ መጥታ፣ «እትዬ፣ አደራሽን» አለችኝ። እጄን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ልጅቱ ያሰብኩት እስከ በሩ ድረስ ነው። ከበሩ ወዲያ ያሰብኩት ስለ ወንበሩ ነው።

በነገታው አካሄዴን ብታዩት። የሠርጌን ቀሚስ ለበስኩ፤ አጥሮኛል፣ ግን ለበስኩ። ከአንዲት አበልጄ ኮንጎ ጫማ ተዋስኩ። ያን ጊዜ ኮንጎ ጫማ የአስተማሪ ሚስት ታደርገዋለች እንጂ ጠማቂ አታደርገውም። ጫማው ሁለት ጣት ያህል ይጠበኛል። ቢሆንም አቋራጩን ትቼ በገበያው በኩል ዞርኩ፤ ሰው ሳያየኝ አማካሪነት ምን ያደርግልኛል። «ወዴት ነው?» ያለኝን ሁሉ ቆም እያልኩ፣ «ለምክር ተፈልጌ ነው» አልኩት። መቆሙን እግሬም ወዶት ነበር።

ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ወንበር ተዘጋጅቶልኛል፤ መደገፊያ ያለው። እኔ መደብና በርጩማ ነው የማውቅ። መደገፊያው ለመደገፍ ይሁን ለጌጥ ስላላወቅኩ ግማሹን ቀን ሳልደገፍ እንደ ጧፍ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ሦስት ትልልቅ ጋኖች ታጥበው፣ በወይራ ታጥነው ተደርድረዋል። ሴቶቹ ክንዳቸውን ሰብስበው ቃሌን ይጠብቃሉ። ጸሐፊውም አስፈቅደው ከመሥሪያ ቤት ቀርተዋል፤ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ «የአማካሪ ቃል ይጻፋል» አሉ።

«እሺ እትዬ፣ ጌሾው ስንት ይሁን?» አለች ትርንጎ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ያን ሁሉ ዓመት ስጠምቅ ይኼን የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። የሚያውቀው እጄ ነዋ። እጄ ጌሾው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሲበቃው ይተዋል። እኔ ያን ጊዜ ሰው እያማሁ ነው።

«እንደ ልኩ» አልኩ።

«ልኩ ስንት ነው?»

«የሚበቃው ነዋ።»

«የሚበቃው ስንት ነው?»

ወይዘሮ አማረች ከደጃፉ ያዩኛል። የጸሐፊው ብዕር አየር ላይ ቆሟል። ምን ላድርግ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋን ከፊቴ እንዳለ አድርጌ እጄን ሰደድኩ። ዘገንኩ፣ ጨመርኩ፤ ዘገንኩ፣ ጨመርኩ። አንዷ ሴት ጸሎት የያዝኩ መስሏት አማተበች። ስድስተኛው ላይ እጄ ራሱ ቆመ።

«ስድስት እፍኝ» አልኩ። «ለአንድ ጋን ስድስት ሙሉ እፍኝ።»

ጸሐፊው ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡት። «አንደኛ፣ ጌሾ፣ ስድስት ሙሉ እፍኝ።»

የኔ ቃል ከወረቀት ሲነበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ። ሌላ ሰው የተናገረው ነው የመሰለኝ፣ እንዴት ያለ አዋቂ ሰው። «እስቲ ይድገሙልኝ» አልኩ። ደገሙልኝ። ያን ጊዜ ነው መደገፊያውን የተደገፍኩት።

«ብቅሉስ?» አሉ። እሱ በቁና ስለሚሰፈር ወዲያው ነገርኳቸው።

«ስንት ቀን ይቀመጣል?»

«እስኪናገር ነው።»

«ማን?»

«ጠላው ነዋ። ጋኑ ላይ ጆሮ ሲያደርጉ ይናገራል።»

ጸሐፊው ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ። «የሚናገረው በቃል ነው በጽሑፍ?» አሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። እስከ ዛሬ ቀልደው ይሁን ከልባቸው አላውቅም።

ትርንጎ ጌሾውን ስትዘግን ማየት ነበረብኝ። እጄን ባላስገባ እንኳ ዓይኔን ማስገባት ነበረብኝ። አላየሁም፤ ምክንያቱም ወረፋ ይዞኝ ነበር። አማካሪ መጥታለች የሚለው ወሬ አጥሩን ተሻግሯል። አንዲት ሴት አንገቷን በአጥሩ አሹልካ፣ «አማካሪዋ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

እርስዎ። ትናንት አንቺ ነበርኩ። ከጋን ውስጥ ከወጣሁ ገና ሁለት ቀኔ ነው፤ እርስዎ ሆንኩ።

«ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ» አልኩ። በዕድሜ ሳትበልጠኝ አትቀርም።

ላሟ ጥጃዋን አላስጠጋ ብላታለች። መከርኳት። ቀጥሎ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው መጣ፤ እሱንም መከርኩ። አንዱ ደግሞ ከሰሃላ ድረስ የመጣ መንገደኛ ነው፤ በቅሎው ገደል ገደሉን እንጂ መንገዱን አልሄድ ብላዋለች። «ፊት ፊቷን አትሂድ፤ ከኋላዋ ሁን» አልኩት። በቅሎ ኖሮኝ አያውቅም። ሰውየው ግን ሦስቴ እጅ ነስቶኝ ሄደ። ይገርማችኋል፣ የማላውቀውን ስናገር ድምፄ የበለጠ ይወፍር ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ባሌን ስለ እርሻው መከርኩት። ተነስቶ ጎረቤት ሄደ።

በአራተኛው ቀን ሁለተኛውን ምክሬን ልሰጥ ሄድኩ። ጥንስሱ ላይ ብቅልና በምጣድ የታመሰው የገብስ ሊጥ፣ እንኩሮው፣ የሚገባበት ቀን ነው። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ሽታ መጣና አፍንጫዬን ያዘው። ጌሾ ነው። ጌሾስ ይሸታል፤ ይኼ ግን ይናከሳል። ብድግ አልኩና ጣቴን ነክሬ ልቀምስ ወደ ጋኑ ሄድኩ።

«ኧረ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ወይዘሮ አማረች። «ተቀመጪ እንጂ። አማካሪ አይነካም ብዬሽ የለም?»

«እትዬ፣ ጥሩ ነው አይደል?» አለች ትርንጎ። «እንደ ወረቀቱ ነው ያደረግነው።»

ያን ጊዜ ልቀምስ ማለት ነበረብኝ። ግን ወንበሩን አየሁት። አጥሩ ላይ የተደረደረውን ሰውም አየሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ «እንዲህ ነው የሚሸት፤ የሠርግ ጠላ ነው» አልኩ። በእጄ ስሠራ ብሳሳት እጄ እዚያው ያርመዋል። አፌ ግን ተሳስቶም መደገፊያውን ተደግፎ ይቀመጣል። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ ልጄ፣ ይቺን ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ጠዋት የወይዘሮ ደስታ ወንድም መጣ። አያ ምስጋናው ይባላል። የመጣው የአጃቢውን ቁጥር ሊነግር ነው አለ፤ እውነቱ ግን ጠላውን ሊቀምስ ነው። አንዱ ጋን ተከፈተና ለእሱም፣ አብሮት ለመጣውም ሰው ተቀዳ። አያ ምስጋናው ጎንጨት አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ፊቱ አልተለወጠም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

«እጅ ይባርክ፤ ጥሩ ጠላ ነው» አለ። «እንግዲህ አርባ ሰው ነን።»

ከዚያ ወደ ባልንጀራው ዘወር ብሎ በአገውኛ፣ «ይኼን የጠጣ ሰው ዘንድሮ ኮሶ አያስፈልገውም፤ ትሉ ሁሉ ይወጣለታል። ለእህቴ ልንገራት» አለው። የጎጃም ሰዎች አይሰሙኝም ብሎ ነው። አልሰሙትም፤ ወይዘሮ አማረች እንዲያውም ፈገግ ብለው አመሰገኑት። እኔ ግን አገውኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ።

ሰዎቹ እንደወጡ ሮጬ ቅሉን ነጠቅኩና ቀመስኩ። ምላሴ ወደ ጉሮሮዬ ሸሸ።

«ትርንጎ፣ ስንት አስገባሽ?»

«ስድስት እፍኝ። ይኸው ወረቀቱ።»

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችው። እኔም የኔን አጠገቡ ዘረጋሁ። የኔ እጅ ጫጩት ነው፤ የእሷ መዳፍ ጎጆው። የእሷ አንዱ እፍኝ የኔን ሁለቱን ውጦ ቦታ ይተርፈዋል። ጸሐፊው ወረቀታቸውን ገልብጠው ከኋላውም አዩና፣ «የማን እፍኝ እንደሆነ አልተጻፈም» አሉ ቀስ ብለው።

ወይዘሮ አማረች ጭናቸውን መትተው መሬት ቁጭ አሉ። «ወይኔ ልጄን። ያቺ ሴት ምን ትላት ይሆን።» ጌጤ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እንሶስላ የተቀባ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች፤ ወንበሩን አይደለም፣ እኔን።

ያን ጊዜ ነው ከአማካሪነት የወረድኩት። ኮንጎ ጫማውን አውልቄ ወረወርኩ፤ አንዱ አጥር ላይ ተሰቀለ። ቀሚሴን ታጠቅኩ፤ ክንዴን ሰበሰብኩ። እጄ ድፍድፉ ውስጥ ሲገባ፣ ከሩቅ አገር ወደ ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ወዲያው አወቅኩት። ጌሾው እጥፍ ከሆነ ሌላውን ሁሉ እጥፍ ማድረግ ነው፤ ሦስቱን ጋን ስድስት ማድረግ ነው። በሦስት ቀን ይደርስ ይሆን? እንጃ። ግን ሌላ መንገድ የለም።

«ጋን አምጡ» አልኩ። «ብቅል ያለው ጎረቤት ሁሉ ብቅሉን ያምጣ። ትርንጎ፣ ውሃ። እሜቴ፣ ይነሱ፣ ገብሱን ይቁሉ፤ ልቅሶውን ኋላ ያለቅሱታል። ጸሐፊው፣ ወረቀቱን ይተዉና ከጎረቤት፣ ከእማማ ጥሩ ቤት፣ ትልቁን ጋን ያምጡ።»

ሄዱ። እኒያ ኮት የለበሱ የመንግሥት ሰው ጋን በትከሻቸው አዝለው በሰቆጣ መንገድ ሲመጡ አገር ቆሞ አየ። ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ከጋኑ ሥር፣ «ሰኞ ና፣ ሰኞ ና» ይላሉ። ትርንጎ አራት እንስራ በአንድ ምልልስ አመጣች። ጌጤም መጣች። የሠርጓ ሳምንት ሙሽራ ከቤት ወጥታ ሥራ አትነካም፤ ነውር ነው። «የማፍረው እኔ ነኝ፤ የምሠራውም እኔ ነኝ» አለችና እንኩሮውን ከምጣዱ በእጇ እየቆረሰች ታፈራርስ ጀመር። እንፋሎቱ ጣቷን ሲልጣት ከንፈሯን ነክሳ ትቀጥላለች። ስንት ነው የሚል አልነበረም፤ እኔም ስንት አላልኩም። እጄ ይገባል፣ ይወጣል። ሳላስበው ስለ ወይዘሮ ደስታ ማማት ጀምሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንደሚቃና አወቅኩ።

ስድስቱን ጋን መርገን፣ ዙሪያቸውን ትኩስ አመድ አድርገን፣ በጋቢ ጠቀለልናቸው። አርብ ጆሮዬን አደረግኩ፤ ዝም። ቅዳሜ ጠዋት ዝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንደኛው ጋን ቀስ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ሁሉም ተራ በተራ ጆሯቸውን አደረጉ። ጸሐፊው ረጅም ጊዜ አዳመጡና፣ «ተናገረ» አሉ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ነበር።

እሑድ አጃቢው መጣ። አርባ ያሉት ዳገቱን ሞልተውት መጡ፤ ሰማንያ ቢሆኑ እንጂ አያንሱም። ደንቡ የሙሽራው እናት ቤቷ ቆይታ ሙሽሪትን መቀበል ነው። ወይዘሮ ደስታ ግን ጠላው ኮሶ ሆኗል ሲሏት ቤቷ መቀመጥ አልቻለችም። ዘመድ ጎረቤቷን አስከትላ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ መጣች። ጉዱን ራሷ ልታይ፣ ለሌላውም ልታሳይ።

ዋንጫውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሰዉ ሁሉ አፏን ያያል። ፊቷን ገና ሳትቀምስ ለመራራው አዘጋጅታዋለች፤ ከንፈሯን አስነካች። ያ የተዘጋጀው ፊት የሚሄድበት አጣ። ደገመች። ከዚያ ዋንጫውን ገልብጣ ጨረሰችና ሳትናገር ወደ እኔ ዘረጋችው። ቀዳሁላት። አያ ምስጋናው አጠገቧ የራሱን ዋንጫ ውስጥ ውስጡን ያያል። ሰማንያው ሰው ጠጣ፤ ደገመ፤ ሦስት ጋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ሳይቀመጡ ያልቅ ነበር።

ሙሽሪት ወጥታ የአማቷን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ፣ ወይዘሮ ደስታ እጇን ይዛ አስቆመቻት። ከእንሶስላው ሥር የተላጠውን ጣቷን አየች። ገልብጣም አየችው።

«ይኼ እንኩሮ ያቃጠለው ነው» አለች።

«አዎ እማማ» አለች ጌጤ።

ወይዘሮ ደስታ ወደ ዘመዶቿ ዞረች። «ይቺ ልጅ የኔ ናት» አለች። «ከእንግዲህ የወረቀት ቤት ልጅ ያላት ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።» ራሷ እንዳላለችው ሁሉ። እልልታው ቀለጠ። እኔም በጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ጌሾ የነካው እጄ ዓይኔን ሲነካው ደግሞ ሁለተኛ አለቀስኩ።

አሁን ሰው ምን አለ መሰላችሁ? አማካሪዋ ሰው እንደሚበዛ አስቀድማ አውቃ ነው እጥፍ ያስጠመቀች አለ። ወይዘሮ አማረችም እሱኑ ይዘው ለእንግዳው ሁሉ አወሩ። እኔስ ምን ልበል፣ ዝም አልኩ። ያ የበቅሎው ሰውዬ እንኳ መጥቶ አመሰገነኝ፤ በቅሎው ገደል ገብታለች፣ እሱ ግን ከኋላ ስለነበረ ተርፏል።

በነገታው ሙክቴን እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ደጃቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስነግራቸው የጋኑም የሰዉም ቁጥር ትንሽ ጨመር አለ።

«እንግዲህ እማሆይ፣ ከዛሬ ወዲያ እጄን አላነሳም» አልኩ። «በአፌ ብቻ ነው የምሄድ።»

እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ።

«መልካም ነው» አሉ። «ለየካቲት ሚካኤል ማኅበሩ እኔ ጋ ነው፤ መጥተሽ ትጠምቂልኛለሽ። ምክርሽን ግን ቤትሽ ቆልፈሽበት ነይ።»